የተሰፋው ኪስ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018
ደብረ ብርሃን

ተናድጃለሁ። የተናደድኩትም ገንዘቡን ስላልጠየቀኝ ነው።

ዛሬ በርበሬ ልገዛ ሰላሀዲን ሱቅ ገባሁ። ሚስቱ አፊፋ የልጃቸው የሌይላ ኒካህ ጥር 17 መሆኑን ነገረችኝ። እንኳን ደስ አላችሁ አልኩ። ሰላሀዲን ሚዛኑን ይወለውላል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ሰባ ሺህ ብሩ እኔ ዘንድ ነው። ባለፈው ግንቦት ልጄን ሰላማዊትን ስድር መቶ ሃያ ሺህ አበድሮኝ ሃምሳውን መልሻለሁ። ቀሪውን እስከ ገና እከፍላለሁ ያልኩት እኔው ነኝ፤ እሱ ቀን ቁረጥ አላለኝም። ታዲያ ልጁን ለመዳር ሁለት ወር የቀረው ሰው «ሞላልኝ፣ ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» አይልም? እንዲያውም በርበሬውን ከልኩ አብልጦ ሰፈረልኝ። ይህ ስድብ ነው።

በነገራችን ላይ ከዚያ ብድር ላይ አንድ በሬ የታረደው ለራሱ ለሰላሀዲንና ከአልዩ አምባ ለመጡት ዘመዶቹ ነው። ድንኳኑ ለብቻ፣ አራጁ ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ። ከሰውዬው ተበድሬ ሰውዬውን ጋበዝኩ። ምን ላድርግ ታዲያ? የእኛን ሥጋ የማይበላ እንግዳ ጠርቼ ዳቦ በሻይ ልስጠው?

ከነገ ጀምሮ የዚህ ቤት ወጪ በሥርዓት ይመራል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሲሚንቶና ብረት ስቆጣጠር የኖርኩ መሐንዲስ የገዛ ቤቴን ሽንኩርት መቆጣጠር ካቃተኝ ዲግሪዬን ይቅደዱት።

ዕዳው ከጥር 17 በፊት ያልቃል።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ጣሳዎቹ ተዘጋጁ። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ናቸው፤ በየአንዳንዳቸው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ምግብ። መብራትና ውሃ። መጓጓዣ። ማኅበራዊ። ትልቁ ላይ «ሰላሀዲን» ብዬ ጻፍኩ። የእኔና የባለቤቴ የሠናይት ደሞዝ በገባ ዕለት ወጥቶ ይከፋፈላል፤ ጣሳው ባዶ ከሆነ ባዶ ነው። በስልክ መክፈልም በዚህ ቤት ቀርቷል። በጣት የማይዳሰስ ገንዘብ ማለቁም አይታወቅም።

ሠናይት አስተማሪ ናት። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«የአንተ ወጪ የትኛው ጣሳ ውስጥ ነው?» አለች።

የእኔ ልዩ ልዩ ነው አልኳት። ልዩ ልዩ ወጪ በማንኛውም በጀት ውስጥ አለ፤ ጣሳ አያስፈልገውም፣ የኮቴ የውስጥ ኪስ ይበቃዋል።

«እሺ፣ ኢንጅነር» አለች። ኢንጅነር የምትለኝ ስትስቅብኝ ብቻ ነው።

አክስቷ እትዬ ታንጉም ነበሩ። ለመስቀል «አንድ ሳምንት ልያችሁ» ብለው ከጎረቤላ መጥተው እስካሁን እያዩን ነው። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው ውስጣቸውን ተመለከቱና ወተቱን ማን እንደጨረሰው ጠየቁኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የሳሎኑን አንድ አምፖል፣ የኮሪደሩንም አምፖል አወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኮሪደሩ ውስጥ ፔርሙዙን ረገጥኩት። ተሰበረ። መሬት ላይ ፔርሙዝ የሚያስቀምጥ ማነው? የአዲሱ ዋጋ ከኮሪደሩ መብራት የዓመት ወጪ ይበልጣል ትላለች ሠናይት። ሊሆን ይችላል። በግንባታ ሥራ አምስት በመቶ ብክነት የተፈቀደ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እንደ ወትሮው ባፈና ምግብ ቤት። የመስኮቱ ጥግ ያለው ጠረጴዛ በየቅዳሜው የእኛ ነው፤ የእኔ፣ የሰላሀዲን፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የወልደኪዳንና ከፍርድ ቤት በጡረታ የተገለሉት የአቶ ገብረ ጻድቅ። ዛሬ ሰላሀዲን አልመጣም። ዕቃ እያራገፈ ነው አሉ።

ስለ ጣሳዎቹ አስረዳኋቸው። የቤት ገንዘብ የሚያልቀው በትልቅ ወጪ አይደለም፣ ማንም በማያስተውላት ትንሽ ቀዳዳ ነው ስላቸው ወልደኪዳን አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ሂሳብ ሲመጣ ግን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ክንዱን ያዝኩና «እኔ ሞቼ ነው» አልኩት። አቶ ገብረ ጻድቅም ሞክረው ነበር፤ እሳቸውን በዓይኔ መለስኳቸው። ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ሰውና ጡረተኛ ሽማግሌ እያስከፈልኩ ልበላ ነው? ስንወጣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የሰፈራችን ልጆች ተቀምጠው አየሁ። ተነሥተው ሰላም አሉኝ። የእነሱንም ሂሳብ ዘጋሁ።

ልዩ ልዩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ስለ ቤት በጀት እንደ ቤተ ክርስቲያን የገባው ተቋም አላየሁም። ይህንን ጮክ ብዬ ተናግሬ ኖሯል፤ እትዬ ታንጉ ከጓዳ «አንተ ልጅ፣ የምትጾመው ለነፍስህ ነው ለጣሳህ?» አሉኝ።

ለሁለቱም ነው አልኳቸው። ሲስቁ ተሰማኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ጤፍ እነዋሪ ሲገዛ እዚህ ከሚሸጥበት በኩንታል አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ይረክሳል። ሦስት ሰው ጠይቄ ሳላረጋግጥ አልተነሣሁም። ፈቃድ ወስጄ፣ ወልደኪዳንንም አስከትዬ ሄድኩ። ደነባ ስንደርስ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩና ረዳቱ በዚያ ብርድ ተንበርክከው ሲታገሉ አሳዘኑኝ፤ ምሳ ጋበዝኳቸው። ሁለት የማላውቃቸው ተሳፋሪዎችም አብረው ቀረቡ። ከማዕድ ተነሡ አይባል ነገር።

ጤፉን ግን በተባለው ዋጋ ገዛሁት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ንጹሕ ቁጠባ።

ሠናይት የመኪናውን፣ የጫኝ አውራጁንና የምሳውን ጠየቀችኝ። እነሱ በሌላ አርዕስት የሚያዙ ናቸው። ሂሳብ ካልተማረ ሰው ጋር ስለ አርዕስት መከራከር አድካሚ ነው። ሠናይት የምታስተምረው ሂሳብ ነው፤ ያም ሆኖ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

«ሰላሀዲን» ጣሳ ውስጥ አሥራ አራት ሺህ አለ። በእኔ ስሌት ሃያ መሆን ነበረበት። ስድስት ሺህ ብር በዚህ ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

እራት ላይ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ሽንኩርት። ሽንኩርቱ በዝቷል አልኩ። ወደ ማርያም ማኅበሯ ስደርስ ሁለት መቶ ብር መክፈሏን ሳትደብቅ ነገረችኝ። ሰው ዕዳ እያለበት ጠላና ዳቦ ሊቀምስ ማኅበር ይሄዳል ወይ? ድምፄ ከፍ አለ።

«የጎደለህ ሁለት መቶ ብር ነው?» አለች።

ስድስት ሺህ ነው አልኩ።

«እንግዲህ የቀረውን ፈልገው» ብላ ሰሃኗን ይዛ ተነሣች።

በሩን እንደዚያ ማላተም አልነበረብኝም። ማጠፊያውም አርጅቷል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

ሠናይት የምታነጋግረኝ በእትዬ ታንጉ በኩል ነው። «እትዬ፣ ሰውዬው እራት ይበላ እንደሆነ ጠይቂልኝ።» እትዬ ታንጉ አጠገቤ ተቀምጠው «ትበላለህ ወይ ነው የምትልህ» ይሉኛል። እበላለሁ እላለሁ። «ይበላል» ይላሉ። አሮጊቷ በዚህ ሥራ ደስታቸው ወሰን አጥቷል። ሲመሽ አንዳንድ ቃል ከራሳቸው እየጨመሩ እንደሚያስተላልፉ ደረስኩበት። እኔ «ጨው ትንሽ በዛ» ያልኩት እዚያ ሲደርስ «እጇን ይባርከው አለ» ሆኗል። አላስተካከልኩም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ውርጩ ጠንቷል። የጓሮው ጎመን ጠዋት ጠዋት ብርጭቆ ይመስላል።

ሰላሀዲን ዛሬም ባፈና ቤት አልመጣም። ከኒካሁ ወሬ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልመጣም። አቶ ገብረ ጻድቅ «ሰውዬው ታሞ እንዳይሆን» አሉ። ሂሳቡን ከፍዬ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

ፊት ለፊት ማንም የለም። ከበርበሬው ጆንያ ክምር ኋላ እሱና አፊፋ ያወራሉ። ጠርቻቸው መግባት ነበረብኝ፤ አልጠራሁም። አፊፋ ኒካሁ ከረመዳን በኋላ ቢሆን የሙሽራው ወገን ምን ይል እንደሆነ ትጠይቃለች። ሰላሀዲን፣ ሰው ታሞብን ነው እንላቸዋለን አለ። ድምፁ የደከመ ነው። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦

«ለሞላልኝ ትንፍሽ እንዳትይ። ጣሳውን ይዞ ሰፈሩን ያተራምሰዋል።»

የበርበሬው ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ማስነጠሴን በሁለት እጄ አፍኜ፣ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ወጣሁ። መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ አስነጠስኩ፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ደነበረ።

ማታ። ሌይላ የሰላማዊት የልጅነት ጓደኛ ናት። አንድ ደብተር ላይ ሁለቱ ሲሞነጫጭሩ በሁለቱም ላይ ጮኼባቸዋለሁ፤ እኩል ነበር የሚፈሩኝ። የሙሽራ ቀን ሲገፋ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሙሽራው ጠላት ይላል፣ ነውር ተገኘባት ይላል። ይህ ሁሉ የሚመጣው እኔ ለልጄ ሰርግ ከተማውን ስለጠራሁ ነው? ከተማውን ግን አልጠራሁም። የማውቃቸውን ሰዎች ብቻ ነው የጠራሁት። ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ይሄ ጥፋት አይደለም።

ጥር 17 መገፋት የለበትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ስኳር ከቤት ወጣ። እትዬ ታንጉ ሻያቸውን ቀምሰው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ጎረቤላ እኮ ስኳር አለ» አሉ። ነገር ግን አልሄዱም።

ባፈና ቤት ዛሬ ሂሳቡ በጣም በዛ። ባፈና የበያይነቱን ዋጋ ጨምራለች። በዚህች አገር የሚያከስረን የዋጋ ንረት ነው፤ ይህንን ለወልደኪዳን አስረድቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

የዛሬውን እጽፈዋለሁ፤ ግን ከማንም ጋር አላወራበትም።

ጠዋት ኮቴ ተቦርሾ፣ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ታረቀችኝ ብዬ ደስ አለኝ። የልዩ ልዩውን ገንዘብ ትናንት ማታ እንዳስቀመጥኩት በውስጥ ኪሱ አለ፤ ከላይ ዳበስ አድርጌ አረጋገጥኩ።

ባፈና ቤት ሰላሀዲን የለም። ሦስታችን በላን። ሂሳብ ሲመጣ ወልደኪዳን እንደ ልማዱ እጁን ሰደደ፣ እኔም እንደ ልማዴ በግራ እጄ ክንዱን ይዤ ቀኜን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። አልገባም። ኪሱ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ የሠናይት ነው፤ ጥብቅ፣ ወጥ፣ የቀሚስ ጠርዝ የመሰለ። ገንዘቡ ከነነፍሱ ውስጥ አለ። በጨርቁ በኩል በጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ ማውጣት ግን አልችልም።

ታገልኩ። ተነሥቼም ታገልኩ። አስተናጋጇ ልቤን ያመመኝ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች። የቤቱ ባለቤት ባፈና ከሂሳብ መቀበያው «ጋሽ ሞላልኝ፣ ይቀመጡ፣ ይተንፍሱ» ትለኛለች። ቢላ ስጪኝ አልኳት። ቢላ ማለቴ ነገሩን አባሰው።

በዚህ መሐል ወልደኪዳን ክንዱን አስለቅቆ ብሩን አወጣ። አቶ ገብረ ጻድቅ ደግሞ ዱላቸውን ጠረጴዛው ላይ ጋድም አድርገው ከለከሉት።

«ተው አንተ። ቅድሚያ የእኔ ነው» አሉ። «ከጡረታዬ ጀምሮ ስጠብቅ የኖርኩት ይቺን ቀን ነው።»

ምን ማለትዎ ነው አልኳቸው።

«በሰው ገንዘብ እንዴት ያማረኝን አዛለሁ? አንተ ትከፍላለህ ብዬ ስንት ዓመት ሻይና በያይነቱ ብቻ ስል ኖርኩ። እኔ እኮ በያይነቱ አልወድም።» ወደ አስተናጋጇ ዞሩ። «ልጄ፣ ያንን የሚፈላውን ሽሮ በሸክላ አምጪልኝ። ቃሪያው በርከት ይበል።»

ወልደኪዳን ሳቁን ውጦ፣ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምጣቱ በፊት እቤቱ በልቶ እንደሚመጣ ነገረኝ። ወጪ እንዳይበዛብኝ አስቦ ነው። በልቶ መጥቶ እንደገና ይበላል። ዓመት ሙሉ።

ሽሮው መጣ። እኔም ቀመስኩ። እውነት ለመናገር ከበያይነቱ ይሻላል።

እቤት ስደርስ ሠናይት የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች። ኮቴን አውልቄ ፊቷ አኖርኩት። ቀና ሳትል «ስድስት ሺው ተገኘ?» አለች። ከኅዳር ወዲህ በቀጥታ ያነጋገረችኝ ዛሬ ነው።

ኮቱን አንሥቼ መልሼ ሰቀልኩት። መቀስም አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ደሞዝ ለገና ብለው ቀደም አድርገው አስገቡ። የበግ ነገር ቀርቷል፤ ከሰፈሩ ቅርጫ ግማሽ መደብ ይበቃናል። ጣሳው ውስጥ ሠላሳ አንድ ሺህ ሞላ። ሰባ እስኪሞላ ልጠብቅ ወይስ የሞላውን ልውሰድ ብዬ ስንቆራጠጥ ሠናይት ሰማችኝ።

«ሰባ እስኪሞላ ከጠበቅክ የሌይላም ልጅ ታገባለች። ያለውን ውሰድ» አለች። ጣሳውን ከነወረቀቱ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።

ሰላሀዲን ብቻውን ነበር። ጣሳውን ሚዛኑ ላይ አኖርኩት። ያን ሁሉ ዓመት መማሬ የሚቀጥሉትን ቃላት ለማለት አላዘጋጀኝም።

«ሠላሳ አንድ ነው። ሰባ አልሞላልኝም። ቀሪውን ለፋሲካ» አልኩት።

አልቆጠረውም። የተለጠፈውን የራሱን ስም አነበበና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነው። ተቆጣሁ። ለምንድን ነው የማትጠይቀኝ አልኩት። ኒካሁን ልትገፋ እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ከጆንያው ኋላ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሰው በልጁ ቀን እንኳ ገንዘቡን አይጠይቅም ወይ አልኩት።

«ምን ብዬ ልጠይቅህ?» አለ። «በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ስኒ ሻይ እንድከፍልልህ ፈቅደህልኝ ታውቃለህ? ሻይ የማያስከፍለኝን ሰው ሰባ ሺህ አምጣ ልበለው? እንደዚያ ከምል ቅዳሜ ቅዳሜ ብቀር ይሻለኛል ብዬ ቀረሁ።»

ጣሳውን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩት።

ሰላሀዲን ወንበር ሳበልኝና የልቡን ነገረኝ። ያስጨነቀው የእኔ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ከአልዩ አምባ እስከ ቆላው ያለው ዘመዱ ሁሉ በየቀኑ ደውሎ ተጋባዥ ያስጨምራል፤ አንድ የነበረው በሬ ሦስት ሆኗል። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም።

«ወላሂ አልችልም» አለ። «አንተ ግን ትችላለህ። ከደብረ ሲና ወዲህ እንዳንተ ዓይነት ቁጡ ሰው የለም። ገንዘቤን አበድሬሃለሁ፤ እስከ ጥር 17 ቁጣህን አበድረኝ።»

እንዲህ ያለ ክብር ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 8

በጥድፊያ። የሌይላ ድግስ ኃላፊ ነኝ። የሰላሀዲን ስልክ እኔ ዘንድ ነው። ዛሬ ብቻ አሥር ዘመድ እምቢ አልኩ። ሦስት በሬ የተባለው አንድ ሆነ። ሩዙን በሰው ግራም አሰላሁ። አንድ የሰላሀዲን አጎት «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አሉኝ። የድግሱ መሐንዲስ ነኝ አልኳቸው። አፊፋ ከኋላ ሆና ትስቃለች። ዝርዝሩ ውስጥ ለክርስቲያን እንግዶች ሁለት በግ የሚል መስመር አገኘሁ። ሰረዝኩት። እኛ ሰላጣ እንበላለን።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ኒካሁ አይገፋም። አፊፋ ለሙሽራው ወገን ቁርጡን ነግራለች። ባፈና ቤት ቅዳሜ ሰላሀዲን ከፍሏል። ሻዩን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። እጆቼን በጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። አቶ ገብረ ጻድቅ «ጎበዝ» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን።

በጎቹ ተመልሰው ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። በድጋሚ ሰረዝኳቸው።

ሰኞ፣ ጥር 18

ትናንት ሌይላ ተዳረች። ማንም ሳይራብ፣ ምንም ሳይደፋ፣ በተባለው ወጪ። ሰላማዊት ከአዲስ አበባ መጥታ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ጮክ ብዬ ሰዓት እየረፈደ ነው አልኳቸው፤ ይህን ጊዜ አንዳቸውም አልፈሩኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰላሀዲን እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። የተለየ ድንኳን ተተክሏል። እትዬ ታንጉ፣ ሠናይት፣ ወልደኪዳን፣ ባፈና ሳትቀር ተቀምጠዋል። ድስቶቹ ለብቻ ናቸው። አቶ ገብረ ጻድቅ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢላቸውን ያጥባሉ፤ ሁለቱን በጎች ማለዳ በስመ አብ ብለው ያረዱት እሳቸው ናቸው። የተገዙትም እኔ ባመጣሁት ጣሳ ውስጥ ካለው ገንዘብ ነው። ሰላሀዲን ይህንን አልደበቀኝም፤ ጣሳውን ራሱ ቅቤ አስቀምጦበት ጠረጴዛው መሐል አድርጎታል፣ ስሙ እንደተለጠፈበት።

«ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለቴ ሰርዤዋለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «የእኛን ሥጋ የማይበላ እንግዳ ጠርቼ ሰላጣ ላብላ?»

ተቀመጥኩ። በላሁ። ሠናይት አንድ ጊዜ አጎረሰችኝ፣ ሌላም ደገመችኝ። እትዬ ታንጉ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት፣ ሰውዬው ዘንድሮ ሳይከፍል ሲበላ ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ሲነግሯት ሰምቻለሁ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ቀርቶኛል። አዲስ ጣሳ ነገ እለጥፋለሁ። ፋሲካ ሩቅ አይደለም፤ ዐቢይ ጾምም ከፊቱ አለ።

ኪሱ እንደተሰፋ ነው። ዛሬ ጠዋት ሠናይት መቀሱን ኮቱ አጠገብ አኑራልኝ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄዳለች። መቀሱን ወደ መሳቢያው መለስኩት።